ይሄ ዜሮ የማን ነው?

ላሊበላ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ባለ አንድ ቢሮ፣ አንድ የጤና መረጃ ባለሙያ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል። ነገ ስብሰባ አለ። ከእሱ የሚጠበቀው አንድ ሠንጠረዥ ነው፦ የአራት ዓመት የእናቶች ጤና ቁጥር በየወሩ ተከፋፍሎ፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ግራፍ።

ሠንጠረዡ ተሠራ፤ ግራፉም ወጣ። አለቃው ከኋላው ቆሞ አየና አንዱን መስመር በጣቱ ነካው።

«እዚህ ጋ የእናቶች ሞት ዜሮ ነው። ይሄን ጎላ አድርገህ አውጣው» አለው።

ዜሮው የተደረደረው ከነሐሴ 2013 እስከ ኅዳር 2014 ባሉት አራት ወራት ላይ ነበር።

ላስታን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። ላሊበላ በሐምሌ 2013 መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ኅዳር 22 ቀን 2014 የመንግሥት ኃይሎች መልሰው ያዟት። በታኅሣሥ መጀመሪያ እንደገና ተወሰደች፤ ታኅሣሥ ሳያልቅ ደግሞ ተመለሰች። በእነዚያ ወራት ስልክ አልነበረም፣ ባንክ አልነበረም፣ መብራት አልነበረም። በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ መድኃኒት ጠፍቷል። ታዲያ በዚያ ሁሉ መሀል አንዲትም እናት በወሊድ ምክንያት አልሞተችም?

ሠንጠረዡ እንደዚያ ይላል። ሆን ብሎ የዋሸ ሰው ግን የለም። ኮምፒውተሩ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። ችግሩ ያለው አጠያየቁ ላይ ነው።

ለዚህ ነው ተራ የቢሮ ሥራ የሚመስለው ነገር፣ ከትልቅ የመረጃ ቋት ውስጥ በኤክሴል ፎርሙላ ቁጥር ማውጣት፣ የፖለቲካ ጉዳይም የሕይወት ጉዳይም የሚሆነው።

*

በአገራችን የጤና ተቋማት መረጃ የሚሰበሰብበት ሥርዓት ዲኤችአይኤስ ሁለት ይባላል። መነሻው ከአፓርታይድ በኋላ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ነች፤ አሁን ልማቱን የሚመራው በኖርዌይ የሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ብዙ ታዳጊ አገሮች በነጻ ይጠቀሙበታል። የእኛ ጤና ሚኒስቴር ደግሞ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እንዲሠራ አድርጎ ተረክቦታል።

በዚህ ቋት ውስጥ እያንዳንዱ ቁጥር ቢያንስ ሦስት አድራሻ አለው፦ ምን፣ የት፣ መቼ። «በተቋም የወለዱ እናቶች» ማለት «ምን» ነው። «እገሌ ጤና ጣቢያ» ማለት «የት» ነው። «መስከረም 2014» ማለት «መቼ» ነው። ሦስቱ ሲገናኙ አንድ ቁጥር ይገኛል። ተራ ሠንጠረዥ ረድፍና አምድ ብቻ ስላለው ሁለት አድራሻ ነው የሚችለው። ሦስተኛው ሲጨመር ጥልቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ሣጥን ይሆናል። ባለሙያዎች ኪዩብ የሚሉት ይሄንን ነው። ዕድሜና ጾታ ሲጨመሩ ደግሞ በዓይን የማይሣል ሣጥን ይሆናል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

የላሊበላ ሰው ይሄን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ አፋፉ ላይ ቆሞ ያየ ሰው መስቀል ያያል። በመተላለፊያው ወርዶ ከሥር ቀና ያለ ሰው ግን ግድግዳና መስኮት ነው የሚያየው። ዓለቱ አንድ ነው፤ የሚታየው ግን እንደ አቋቋም ይለያያል። ከኪዩብም የሚወጣው ቁጥር እንደዚያው ነው። የትኛውን ገጽ እንደጠየቅህ ካላወቅህ፣ ምን እንዳየህም አታውቅም።

የስፕሬድሺት ሶፍትዌር ለሕዝብ የተዳረሰው እ.ኤ.አ. በ1979 ቪዚካልክ በሚባለው ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ የዳታቤዝ ሊቅ የነበረው ኤድጋር ኮድ እንዲህ ያለውን ባለብዙ አቅጣጫ ትንተና «ኦላፕ» የሚል ስም ሰጠው። ማይክሮሶፍት በኤክሴል 2007 ላይ ሰባት የኪዩብ ፎርሙላዎችን አስገባ። ከነሱ ዋናው «ኪዩብቫልዩ» ነው። አድራሻዎቹን ትሰጠዋለህ፣ ከቋቱ ሄዶ ያንን አንድ ቁጥር ያመጣልሃል። እዚያ አድራሻ ላይ ምንም ከሌለ ሴሉን ባዶ ይተወዋል። የጠየቅኸው አድራሻ ከነአካቴው ቋቱ ውስጥ ከሌለ ደግሞ ስህተት ብሎ ይጮኻል።

በየወረዳው ያለ ባለሙያ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ቀጥታ ግንኙነት የለውም። መረጃውን ከሥርዓቱ ያወርዳል፣ ኤክሴል ላይ ይዘረግፋል፣ ከዚያ «ሰምኢፍስ» በሚባለው ፎርሙላ ይለቅማል። «ይሄ ጤና ጣቢያ፣ ይሄ ወር፣ ይሄ አገልግሎት፤ የተገኘውን ሁሉ ደምርልኝ» እንደማለት ነው።

ሰምኢፍስ ታዛዥ ነው። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው። የሚደመር ነገር ፈልጎ ሲያጣ «አጣሁ» አይልም። «ዜሮ» ይላል።

*

ሦስቱም አድራሻዎች የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው።

«የት» የሚለውን እንውሰድ። ላስታ ዛሬ ራሱን የቻለ ወረዳ ነው፤ ቀድሞ ግን በቡግና ወረዳ ሥር ነበር። የላሊበላ ከተማ አስተዳደር ደግሞ ለብቻው ይቆጠራል። የ1987ቱን ቆጠራ «ቡግና» ከ1999ኙ «ቡግና» ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ ሕዝቡ በድንገት ያለቀ ሊመስለው ይችላል። ያለቀ ሰው የለም፤ ድንበሩ ነው የተነሳው። ከ1999 ወዲህ ደግሞ አገሪቱ ሕዝቧን አልቆጠረችም፤ አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዝሟል። ያኔ የላሊበላ ከተማ ሕዝብ 17,367 ነበር። ዛሬ ለስሌት የሚውለው ከዚያ ላይ ተነሥቶ የተገመተ ነው።

«መቼ» የሚለውም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የጤና ተቋም የወር ሪፖርት ከ21 እስከ 20 ነው የሚቆጠረው። የመስከረም ሪፖርት ማለት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ነው። ጳጉሜ መሀል ስለምትገባ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። ይሄን ሳያስብ «በመስከረም ተገልጋይ ጨመረ» ብሎ ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም።

ላሊበላ ላይ ሌላም አለ። የጥር ሪፖርት ከታኅሣሥ 21 እስከ ጥር 20 ያለውን ይይዛል። ገና እና ጥምቀት ሁለቱም እዚያው አንድ ወር ውስጥ ይወድቃሉ። ለገና ከየአገሩ በእግር የሚመጣው ምእመን ታሞ የታከመ፣ ምጥ ይዟት የወለደች፣ ሁሉም በላሊበላ ይመዘገባል። የሕዝብ ግምቱ ውስጥ ግን አንዳቸውም የሉም። ስለዚህ በዚያ ወር የአገልግሎት ሽፋን ከመቶ በላይ ቢወጣ የሚገርም አይሆንም። ፎርሙላው አልተሳሳተም፤ አካፋዩ የከተማው ሰው ሲሆን ተካፋዩ ግን እንግዳውንም ይዟል።

ሦስተኛው፣ «ምን» የሚለው፣ ከሁሉም የባሰ ነው። ዲኤችአይኤስ ሁለት ላይ ለአንድ የመረጃ ዓይነት «ዜሮም ይቀመጥ» የሚል ምርጫ ካልተደረገ በስተቀር፣ የተጻፈ ዜሮ ቋቱ ውስጥ አይቀመጥም። ቦታ እንዳይፈጅ የተደረገ ነው። ውጤቱ ግን እንዲህ ይሆናል። አንዲት ጤና ጣቢያ «በዚህ ወር የሞተች እናት የለችም» ብላ በሥርዓቱ ሪፖርት ብታደርግ፣ ከቋቱ የሚወርደው ባዶ ነው። ሌላዋ ጤና ጣቢያ ተዘርፋ፣ ሠራተኞቿ ተበትነው፣ ሪፖርት የሚባል ነገር ባትልክም የሚወርደው ባዶ ነው። ሁለቱ ባዶዎች ይመሳሰላሉ። ሰምኢፍስ ሁለቱንም ዜሮ ይላቸዋል።

ሰላምና ጦርነት አንድ ሴል ውስጥ አንድ ዓይነት መልክ ያዙ ማለት ነው።

*

ሠንጠረዡ በተሠራበት ዕለት ከሰዓት በኋላ አንዲት አዋላጅ ነርስ ወደ ቢሮው መጡ። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ካለች ጤና ጣቢያ ነው የመጡት፤ ጉዳያቸው የጓንት ጥያቄ ነበር። ከባለሙያው ጋር ከቆዩ ጀምሮ ይተዋወቃሉ። እንዲቀመጡ ወንበር ስቦላቸው፣ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደሳቸው አዞረው።

«ሲስተር፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ።»

መነጽራቸውን አወጡና ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። የጤና ጣቢያቸውን ስም ረድፉ ላይ አገኙት። ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ልጄ፣ ይሄ ዜሮ የማን ነው?»

«ሪፖርት አልመጣም ሲስተር። ለዚያ ነው።»

«ሪፖርት አልመጣም ብለህ ጻፋ ታዲያ። ምን ዜሮ ያስብልሃል?»

በሳምንቱ ሲመለሱ በፌስታል የተጠቀለለ የተማሪ ደብተር ይዘው ነበር። የጤና ጣቢያው መዝገብ በዘረፋው ጊዜ ጠፍቷል። እሳቸው ግን ከአካባቢው አልወጡም ነበር፤ በየቤቱ እየተጠሩ አዋልደዋል። ያዋለዱትን ሁሉ በዚያ ደብተር ጽፈዋል፦ ቀን፣ የእናት ስም፣ ቀበሌ፣ ወንድ ወይም ሴት፣ ደህና ወይም አይደለም። ሁለት ረድፎች ጎን በቀይ እስክሪብቶ ትንሽ መስቀል አለ። አንደኛዋ እናት ደም አልቆም ብሏት በቃሬዛ ወደ ከተማ ሲያወርዷት መንገድ ላይ ያረፈች ናት። ስለ ሁለተኛዋ ሲስተር ብዙ አልተናገሩም።

አራት ወር፣ ሁለት መስቀል። ሠንጠረዡ ላይ ደግሞ አራት ዜሮ፣ ያውም ጎልቶ እንዲወጣ የታዘዘ።

*

«የሞተው ሞቷል፣ አሁን ሴሉ ባዶ ቢሆን ዜሮ ቢሆን ምን ይለውጣል?» የሚል ሰው ይኖራል። በቀላል ሒሳብ እንየው።

አንዲት ጤና ጣቢያ በወር 60 እናቶች ታዋልዳለች እንበል። ዓመቱን ስናይ የስምንት ወር ሪፖርት አለ፣ የአራት ወር የለም። ድምሩ 480 ነው። የኤክሴል የአማካይ ፎርሙላ ባዶ ሴልን ይዘለዋል፤ ስለዚህ 480ን ለ8 ያካፍልና 60 ይላል። ባዶዎቹ ላይ ዜሮ ከተሞላ ግን ለ12 ያካፍላል፤ 40 ይላል።

የመድኃኒት ጥያቄ የሚሠራው ባለፉት ወራት አማካይ ፍጆታ ላይ ተመሥርቶ ነው። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን በዚህ በተሳሳተ አማካይ ቢጠየቅ፣ ለ60 እናቶች የ40 ይመጣል። ሃያዎቹ ባዶ መደርደሪያ ይጠብቃቸዋል። ያለፈው ዓመት ዝምታ የዘንድሮን መድኃኒት ቀነሰ ማለት ነው። ጦርነቱ ካለፈ በኋላም በፎርሙላ ተጎዱ።

ሌላም አለ። ዜሮዎቹ እንዳሉ ሲቀሩ ግራፉ የሚናገረው ተረት የተገለበጠ ይሆናል። በጦርነቱ ወራት ሞት የለም፤ ሰላም ሲመጣ፣ ተቋማት ሲከፈቱ፣ ሪፖርት ሲጀመር ሞት «ይነሣል»። ያንን ግራፍ ሩቅ ያለ ሰው ቢያየው፣ ሥራ የጀመረችው አዋላጅ ናት የምትወቀሰው።

*

ባለሙያው ያደረገው ነገር ትንሽ ነው። ከወረደው መረጃ ጎን አንድ ሌላ ዝርዝር አወረደ፦ በየወሩ ከየተቋሙ ይጠበቅ የነበረው ሪፖርትና በእርግጥ የገባው። ሥርዓቱ ይሄን ለብቻው ይይዘዋል። ከዚያ ፎርሙላውን ለወጠ። መጀመሪያ «ከዚህ ተቋም በዚህ ወር ሪፖርት ገብቷል?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረገው። ካልገባ «ሪፖርት የለም» ብሎ ይጽፋል፤ ሴሉም ግራጫ ይሆናል። ከገባ ብቻ ወደ ድምሩ ያልፋል። ያን ጊዜ ዜሮ ከመጣ፣ በእርግጥ ዜሮ ነው።

የሞት ቁጥሩ ራሱ አለ ወይስ የለም ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ አይሠራም ነበር፤ ከላይ እንዳየነው እውነተኛው ዜሮም አይቀመጥምና። መጠየቅ ያለበት ቅጹ በጠቅላላው መምጣቱን ነው። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ እንደሚባለው፣ ቁጥሩን ከመጠየቅ በፊት ምንጩን መጠየቅ።

አለቃው ግራጫዎቹን ሴሎች ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ነገ እንዲህ ተበሳስቶ ነው የምናቀርበው? ሪፖርት በወቅቱ ባለመላክ እኮ እኛም እንገመገማለን።»

እዚህ ላይ አለቃውን ክፉ ሰው አድርጎ መሣል ቀላል ነበር። ግን ክፉ አይደለም። የሪፖርት ሙሉነት ራሱ መለኪያ ነው፤ ግራጫ ሴል የበዛበት ቢሮ ያልሠራ ቢሮ ይመስላል። ዜሮ ደግሞ ንጹሕ ነው፤ ጥያቄ አያስነሣም። ከእሱ በላይ ያለው ኃላፊም፣ ከዚያ በላይ ያለውም፣ ሁሉም ንጹሕ ሠንጠረዥ ነው የሚፈልገው። ባዶውን ዜሮ የሚያደርገው አንድ ውሸታም ሳይሆን ከታች እስከ ላይ ያለ ሰንሰለት ነው፤ እያንዳንዱ ቀለበት ትንሽ ትንሽ ያጸዳል።

ባለሙያው ግን አንድ ነገር አላደረገም። የሲስተርን ደብተር አይቶ ሠንጠረዡ ላይ «2» ብሎ አልጻፈም። ደብተሩ አንድ ሰው የጻፈው ነው፤ የአንድ ጤና ጣቢያ አካባቢ ብቻ ነው፤ ያላዩት ቤት ይኖራል። ከሠንጠረዡ ሥር በአንድ መስመር ማስታወሻ አስገባ፦ ለእነዚህ ወራት ሪፖርት እንዳልመጣ፣ በአንድ ተቋም በእጅ የተያዘ ማስታወሻ ሁለት የእናቶች ሞት እንደሚያሳይ፣ ይህም በሥርዓቱ ውስጥ እንዳልገባ።

ለማስገባት ሞክሯል። የዚያ ዘመን መመዝገቢያ ጊዜው አልፎ ተቆልፏል። እንዲከፈት ለበላይ አካል ደብዳቤ ተጽፏል።

*

ነገሩ የላሊበላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል አያስጽፍም ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ መንገድም ተዘግቷል። ሪፖርት የሚልክ ቢኖር በምን ይልካል? ከዚያ በፊት ትግራይ ውስጥም እንዲሁ ነበር። በእነዚህ ዓመታት የአገሪቱ የመረጃ ቋት ብዙ ባዶ አለበት። እያንዳንዱ ባዶ ሦስት አድራሻ አለው፦ ምን፣ የት፣ መቼ።

በአማርኛ «አልነበረም» እና «አልተመዘገበም» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። መግለጫ ሲሰጥ ግን ይቀላቀላሉ። «እስካሁን የተመዘገበ ጉዳት የለም» ይባላል፤ ሰሚው «ጉዳት የለም» ብሎ ይሰማል። መዝጋቢው የት እንዳለ፣ መዝገቡ መኖሩን፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ተቃራኒውም ጥፋት ነው። ባዶውን ሴል እያየ የፈለገውን ቁጥር የሚሞላ አክቲቪስት፣ ባዶውን ዜሮ ከሚያደርገው ባለሥልጣን አይሻልም። ባዶ ዜሮ አይደለም፤ ሚሊዮንም አይደለም። ባዶ ማለት «ሄደህ ጠይቅ» ማለት ነው። ለጋዜጠኛም፣ ለተመራማሪም፣ ለሹምም፣ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢም የሚሰጠው የቤት ሥራ ይሄው ነው፦ በሚቀጥለው ጊዜ ዜሮ የሚል ሠንጠረዥ ስታዩ፣ ሪፖርቱ ስንት ቦታ ይጠበቅ እንደነበርና ከስንቱ እንደመጣ ጠይቁ።

*

ስብሰባው ተካሄደ። ሠንጠረዡ ከነግራጫው ቀረበ። አንድ ተሰብሳቢ «እነዚህ ምንድን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። አለቃው ራሱ ነው የመለሰው፦ «ሪፖርት ያልመጣባቸው ወራት ናቸው።» አዳራሹ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ። የጀግንነት ታሪክ አልሆነም።

የደብተሩ ኮፒ ቦክስ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ዋናውን ሲስተር ወስደውታል። ቆየት ብለው ስልክ ደወሉ፤ የጓንቱን ነገር ከጠየቁ በኋላ ሊዘጉ ሲሉ «ያ ነገር ገባ እንዴ?» አሉት።

«ገና ነው ሲስተር፤ አልተከፈተም። ግን ዜሮ አይልም።»

«ይሁን» አሉና ዘጉት።